የሚያይ እንጂ ያየ የለም

ፖሊስ በሚያወጣው መግለጫ መጨረሻ ላይ የማትቀር አንዲት ሐሳብ አለች፤ ኅብረተሰቡ እስካሁን ሲያደርግ የቆየውን ትብብር አጠናክሮ ይቀጥል የምትል። ለጨዋነቷ ትመስገን። የአዲስ አበባ ሰፈሮችን ትብብር በቅርብ ለሚያውቅ ሰው ግን ይኸው ነገር ይጠናከር መባሉ ያስደነግጣል።

መረጃ ጠፍቶ አይደለም። መረጃማ ሞልቶ ፈስሷል። ግማሽ ኪሎ ሥጋ በጥቁር ፌስታል ቋጥሮ፣ ፌስታሉን በጋዜጣ ሸፍኖ፣ በጓሮ በር የገባ ሰው ገና ቢላዋ ሳያነሳ ጎረቤቱ «በረቡዕ?» ብሎ ፈርዶበታል። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ በማን መኪና ስንት ሰዓት እንደገባች፣ ከውጭ አገር ገንዘብ የሚላክለት ማን እንደሆነና በዚህ ወር ለምን እንደዘገየበት፣ ጉሊት ላይ ቆሞ ሽንኩርት የመረጠ ሰው ሁሉንም ሰምቶ ይመለሳል። ሊስትሮው የሰፈሩን ወንድ ሁሉ በጫማው ያውቀዋል፤ ጭቃውን አይቶ ማታ የት እንዳመሸ ይነግርሃል።

ታዲያ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከዚያው ጉሊት አጠገብ የቆመች መኪና ሁለቱንም ስፖኪዮዎቿን ታጣለች። ፖሊስ ይመጣል።

«እናቴ፣ እዚሁ ነበሩ?»

«ወዴት እሄዳለሁ ልጄ፣ እዚሁ ነኝ።»

«ታዲያ የነቀሉትን ልጆች አላዩም?»

«ዓይኔን እኮ ሞራ ሸፍኖታል። አንተንም በድምፅህ ነው የለየሁህ።»

ሳጅኑ ወደ ሊስትሮው ይዞራል፤ ሊስትሮው አንገቱን ደፍቶ የጨረሰውን ጫማ እንደገና ይቦርሻል። ወደ ባለሱቁ ይዞራል፤ ባለሱቁ ሳሙና ሲቆጥር ነበር። የፊት ለፊቱ ሕንፃ ዘበኛ ደግሞ «እኔ የተቀጠርኩት የግቢውን ውስጥ እንድጠብቅ ነው» ብሎ ነገሩን ከሥራ መደቡ ውጭ ያደርገዋል። ሳጅኑ ደብተሩን አጥፎ፣ ነገር ትዝ ካላችሁ በነፃ የስልክ መስመር 991 ደውሉ ብሎ ይሄዳል። ገና ጥጉን ሳይታጠፍ፣ ዓይናቸውን ሞራ የሸፈናቸው እናት ምስር እየለቀሙ ይጀምራሉ፦ «ያ አጭሩ ነው፤ ባለ ቀይ ኮፍያው። የግራውን ሲነቅል አውራ ጣቱን ቆርጦታል። ጓደኛውማ ፈሪ ነው፤ ዙሪያውን ሲያይ ብቻ ነበር።» ባለሱቁ ያርማል፦ «የቀኙን ሲነቅል ነው የቆረጠው፤ ፕላስተር የሸጥኩለት እኔ ነኝ።» ዐቃቤ ሕግ የዚህን ግማሽ ቢያገኝ ክሱን ምሳ ሳይበላ ጽፎ ይጨርሰው ነበር።

ለምን አልተነገረም? አንደኛ ነገር፣ ዕድር አለ። የባለ ቀይ ኮፍያው እናት ለቅሶ በደረሰ ቁጥር ከሁሉ ቀድመው መጥተው ሽንኩርት የሚከትፉ ሴት ናቸው። ልጁም ቢሆን ድንኳን በመትከል የሚስተካከለው የለም፤ ምሰሶውን ብቻውን ያቆማል፣ ሸራውን በአንድ ትንፋሽ ይወጥራል። ስፖኪዮ ሲነቅል ያዩት አባቶች በሙሉ ለራሳቸው ቀን ያስቡታል። መኪና ያለው ሰው ስፖኪዮ ቢያጣ ሌላ ይገዛል፤ ድንኳኑ የተንጋደደ ሟች ግን ሁለተኛ ዕድል የለውም።

ሁለተኛው ነገር ሕጉ ራሱ ነው፤ በዚህ ላይ ሰፈርተኛው ሳያነበው ሕግ አክባሪ ሆኖ ተገኝቷል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 443 ወንጀልን አለማስታወቅን የሚቀጣው፣ ወንጀሉ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። ተራ ስርቆት ደግሞ ከአምስት ዓመት ጽኑ እስራት አይዘልም። እንግዲህ የጉሊቷ እናት ዝም ማለታቸው አያስከስሳቸውም። ይናገሩ ብንል ምን ይጠብቃቸዋል? ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ የሚሰጠው አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ ማንነትን እስከ መለወጥና መኖሪያን እስከ ማዘዋወር የሚሄድ ለጋስ አዋጅ ነው። እሱም ቢሆን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች የወጣ ነው። ስፖኪዮ አይደርስበትም። ቢደርስበትስ? መንግሥት የሴትየዋን ስም ለውጦ ሌላ ክፍለ ከተማ ቢያሰፍራቸው፣ ሃያ ዓመት የከፈሉበትን የዕድር ደብተር ማን ያዛውርላቸዋል?

ደፍሮ የተናገረውንም እናውቀዋለን። ቃሉን ለመስጠት ጣቢያ ሄዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ግማሽ ቀን ይውላል፤ መዝገቡን የያዘው መርማሪ ለስብሰባ ስለወጣ ነገ ተመለስ ይባላል። ሲመለስ በሥራ ቦታው ለምን እንደሌለ አለቃው ይጠይቀዋል። ችሎት ቀጠሮ ይለወጣል። በመጨረሻ ወደ ቤቱ ሲያዘግም፣ በዋስ የተለቀቀው ባለ ቀይ ኮፍያ ከታክሲ ተራው ላይ ተነስቶ በትሕትና «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» ይለዋል። ከዚያ ሰላምታ በኋላ ዓይኑን ሞራ የማይሸፍነው ጀግና አላየሁም።

በዕድሜ ከፍ ያሉት ደግሞ ሌላ ምክንያት አላቸው፤ በዚህ ላይ አልቀልድም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ለቀበሌ የተነገረ ስም ባለቤቱ ወደ ቤቱ ሳይመለስ ቀርቷል። ያንን ያየ ሰው ስም ጥራ ሲባል ምላሱ ቢተሳሰር አይፈረድበትም።

ከዚያ በፊት የነበረው አፈርሳታ ግን ትብብር አይለምንም ነበር። ከብት ሲጠፋ ወይም ቤት ሲቃጠል የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ የመጣው በመሐላ ይጠየቃል፤ ሌባው ሳይወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። ከብቱ ሳር ሳይበላ፣ እርሻው ሳይታረስ፣ ሁሉም ሜዳ ላይ ተቀምጦ ይተያያል። አልወጣም ካለ ደግሞ አገሩ አዋጥቶ ይከፍላል። ይህን ዛሬ በእኛ ሰፈር ብናደርገው ሌባው በመጀመሪያው ሰዓት ይወጣ ነበር፤ ለእውነት ተብሎ ሳይሆን የእግር ኳስ ጨዋታ ሊያመልጥ ነው ተብሎ። ሌባ ሻይ የሚባለውም ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ዛሬ ቢሆን ልጁ ኮብልስቶኑ ላይ ተደናቅፎ ከሦስተኛው ቤት አያልፍም፤ የሦስተኛው ቤት ሰውዬ ናቸው የሚያሳዝኑኝ።

በ2011 ዓ.ም. ሰኔ 30 ከተማዋ ሞተር ብስክሌት እንዳይንቀሳቀስ ያገደችው ቅሚያ በዝቶ ነው። ቀሚውን አይቻለሁ የሚል ሲጠፋ የሚጋልበውን ማገድ ይቀላል። በዚህ ሒሳብ ስፖኪዮ የሚነቀልባት ከተማ መኪና ማገድ ሊኖርባት ነው።

ይህ ሁሉ ዓይነ ስውርነት ግን አንድ ቀን በተአምር ይፈወሳል፤ ሌባ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ዕለት። «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ሞራው ይገፈፋል። ሊስትሮው ብሩሹን፣ ባለሱቁ የሚዛን ድንጋዩን፣ ዘበኛው ከግቢው ወጥቶ ቆመጡን ይዞ ይደርሳል። ስልኩ የተነጠቀው ሰው እንኳ ተረስቶ ጥግ ላይ ቆሞ «ኧረ በቃ ይበቃዋል» እያለ ይለምናል። ፖሊስ ደርሶ ከወደቀው ልጅ ራስ ላይ የሚፈሰውን ደም እያየ «ማን ነው የመታው?» ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ ሊስትሮው ጫማ እየቦረሸ ነበር፣ ባለሱቁ ሳሙና እየቆጠረ ነበር።

ስፖኪዮው የት ይሄዳል? ወደ መለዋወጫ ተራ ነዋ። የተሰረቀበት ሰውዬ ጠዋት ሌባን ረግሞ፣ ፖሊስን ረግሞ፣ ከሰዓት በኋላ እዚያው ይገኛል። አዲሱ ውድ ነው፤ «ያገለገለ ኦሪጅናል የለህም?» ብሎ በሹክሹክታ ይጠይቃል። ሻጩ «ስንተኛ ሞዴል?» ይላል። ነገ ይመጣልሃል ሲባል ከማን መኪና ላይ እንደሚመጣ የሚጠይቅ ገዢ የለም። ብልሆቹ የሰሌዳ ቁጥራቸውን መስታወቱ ላይ ያስቀርጻሉ፤ ይህም ቢያንስ ዕቃውን መልሶ ሲገዙ ለመለየት ይጠቅማል።

ባለፈው ጊዜ ወንጀልን በጋራ ስለመከላከል የሰፈር ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ለሁለት ሰዓት ተኩል ተጠርተን አራት ሰዓት ላይ ተጀመረ። የፖሊስ መኮንኑ ስለ ስፖኪዮ ተናግሮ አስተያየት ሲጠይቅ፣ አንድ አባት ተነስተው መድረኩን ላመቻቹት አካላት ምስጋናቸውን አቅርበው ስለ ተደፈነው ቦይ ተናገሩ። ቀጥሎ ውሃ በፈረቃ ስለመምጣቱ ተነሳ። ከዚያ ስለ ውሻ። መኮንኑ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፤ ፊት ለፊት መናገር የከበደው በጽሑፍ ይጠቁም ብሎ አዳራሹ በር ላይ የጥቆማ ሣጥን አሰቀለ።

ሣጥኑ ወር ሳይሞላ ጢም አለ። ሲከፈት ስለ ባለ ቀይ ኮፍያው አንዲት ፊደል የለችበትም። አንዱ ጎረቤቱ ያለ ፈቃድ አንድ ክፍል መጨመሩን በሥዕል አስደግፎ ጽፏል። ሌላው ቆጣሪ የሚጠልፉትን ሰዎች በስም ዘርዝሮ ራሱን ዘሏል። የዕድሩን ሒሳብ የሚመለከት የሚመስል ወረቀት ተቀዶ ግማሹ ብቻ ተገኘ፤ ቁልፉ የነበረው ከዕድሩ ሰብሳቢ ዘንድ ነው። ሦስት ወረቀቶች በአንድ እጅ ጽሕፈት ስለ አንዲት ሴት የሌሊት እንግዶች ይናገራሉ። መኮንኑ ስፖኪዮ የሚል ቃል ያለበት አንድ ወረቀት አግኝቶ ፊቱ በራ፤ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ለቪትዝ የሚሆን የግራ ስፖኪዮ በርካሽ የሚያገኝ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ስልኩን ጠቁሙን።»