መንገድ ለሰው ወደ ሰፈር ይውረድ
አንዳንድ እሑድ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት የሚከፈቱበት «መንገድ ለሰው» የግማሽ ቀን ትርኢት ነው፣ ለአየሩም ሆነ ለጤና የሚተርፍ ነገር የለውም የሚለው፣ ስለ መርሐ ግብሩ የወጣው ጽሑፍ ድምዳሜ እኔ ከማውቀው ጋር አይገጥምም። መርሐ ግብሩ አዲስ አበባ ላይ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ እሑድ ወጥቻለሁ፤ የደም ግፊት እንዳለብኝ ያወቅሁትም ሐኪም ቤት ሄጄ ሳይሆን መስቀል አደባባይ አካባቢ በነፃ በሚለካበት ድንኳን ሥር ተቀምጬ ነው። ነርሷ ውጤቱን ስታይ ጥቂት አሳርፋኝ፣ በሌላኛው ክንዴ ደግማ ከለካች በኋላ በማግሥቱ ጤና ጣቢያ እንድሄድ አጥብቃ ነገረችኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ መድኃኒቴንም የእግር ጉዞዬንም አላቋረጥሁም። ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ልብንና ኩላሊትን የሚጎዳ በሽታ በመሆኑ፣ ሰው ለመንሸራሸር በወጣበት መለካቱ ቀላል ጥቅም አይደለም። በዚሁ ጽሑፍ ላይ ከእኔ በፊት አስተያየት የሰጡት ወንድም «ወደ እኛ ሰፈር አልደረሰም» ማለታቸው ግን እውነት ነው፤ ኮንዶሚኒየም ከበዛባቸው ዳር ሰፈሮች ልጅ ይዛ የምትመጣ እናት መኪና ወደማይገባበት መንገድ ለመድረስ ሁለት ታክሲ መያዝ አለባት። ዋና ዋና አደባባዮችን ብቻ ከመዝጋት ይልቅ በየወረዳው አንድ የውስጥ መንገድ ቢዘጋ ልጆቹ ብስክሌታቸውን ይዘው ከደጃቸው መውጣት ይችላሉ።