ባንዳው ማን ነበር?

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ማኪያቶ እየጠጣን ነው የተነሳው። አንዱ ወዳጃችን "ግን ይሄ ሰፈር ለምን ሜክሲኮ ተባለ?" አለ። ጡረታ የወጡት መምህር መለሱለት። ጣሊያን ሲወረን ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። እነሱም ከተማ ውስጥ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የባቡር ጣቢያ አለ። እስከዚህ ሁላችንም ተስማማን።

ክርክሩን የጀመረው ሹፌሩ ነው። "እነሱ ራሳቸው በ500 ስፔናዊ ተሸንፈው የለም እንዴ?"

"ማን ነው በ500 ተሸነፉ ያለህ?" አሉ መምህሩ። የስፔኖቹ አዛዥ ኮርቴስ በ1519 ሲመጣ 500 ያህል ወታደር ነበረው፤ እውነት ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1520 ግን ያኔ አካባቢውን ይገዙ ከነበሩት ከአዝቴኮች ዋና ከተማ ከቴኖችቲትላን በሌሊት ተባሮ፣ ብዙ ሰው አልቆበት ነው የወጣው። በ1521 ተመልሶ ከተማዋን ሲይዝ አብዛኛው ሠራዊቱ የዚያው አገር ሰው ነበር። በተለይ የአዝቴኮች ጎረቤትና ጠላት የነበሩት የትላሽካላ ሰዎች።

"ባንዳ በሏቸዋ፣ ጋሼ!" ሹፌሩ ጠረጴዛውን መታ።

እስካሁን ዝም ያለችው ፋርማሲስት እዚህ ላይ ገባች። "ማንን ከድተው? ያኔ ሜክሲኮ የሚባል አገር የለ። አዝቴኮች ዙሪያቸውን ዘግተው ጨው እንኳ ከልክለዋቸው ነበር። ጨው የከለከለህን ወገኔ ትለዋለህ?"

"ታዲያ ከጎረቤት ጋር የተጣላ ሁሉ ሌባ ጠርቶ ያስገባል?"

"ሌባ መሆኑን በምን ይወቁ? መጀመሪያ እኮ ተዋግተውታል። ሲያቅታቸው ነው የታረቁት።" ከዚያ ወደ ሙያዋ ዞረች። በ1520 ፈንጣጣ ገባ። የአዝቴኮችን አዲሱን ንጉሥ ኩዊትላዋክን ገደለ፤ ከትላሽካላ መሪዎችም አንዱን ማሺሽካትሲንን ወሰደ።

መምህሩ 300 ዓመት ዘለሉ። በ1810 ቄስ ኢዳልጎ ደወል ደውሎ ሕዝቡን በስፔን አገዛዝ ላይ አስነሳ፤ በዓመቱ ተረሸነ። ቄስ ሞሬሎስ ተተካ፤ እሱም በ1815 ተረሸነ። በ1821 ነጻነትን ያወጀው ግን ኢቱርቢዴ ነው። ለስፔን ንጉሥ ተሰልፎ እነዚህኑ ሲያሳድድ የኖረ መኮንን! በዓመቱ ደግሞ ራሱ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ዘውድ ጫነ። "እሱንስ ምን ትለዋለህ?" አሉት። ሹፌሩ ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዘ።

እኔ በትላሽካላ ነገር ከፋርማሲስቷ ጋር ነኝ። ባንዳ የምንለው የጋራ አገሩን የሸጠውን ነው። እነዚህ ሰዎች ከአዝቴኮች ጋር ጦርነት እንጂ የጋራ አገር አልነበራቸውም። የሚቀጥሉት 300 ዓመታት ምን እንደሚመስሉም ማንም አልነገራቸውም።

ኢቱርቢዴ ግን ምን እንደሚያደርግ አሳምሮ ያውቅ ነበር። በ1820 ስፔን ውስጥ የንጉሡን ሥልጣን የሚገድበው ሕገ መንግሥት ሲመለስ፣ የሜክሲኮ ሀብታሞችና ቤተ ክህነት ደነገጡ። እሱም የእነሱን ጥቅም ይዞ ወገን ለወጠ፤ ሊያሸንፈው ካልቻለው ሽምቅ ተዋጊ ከጌሬሮ ጋር ተስማማ። አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያለው ጌሬሮ ፕሬዝዳንት ሆኖ ባርነትን የሻረው በ1829 ነው፤ ነጻነት ከታወጀ ከስምንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሹፌሩ ጠረጴዛ መምታቱ ካልቀረ፣ ለትላሽካላ ሳይሆን ለነዚህ ስምንት ዓመታት ቢመታልኝ እመርጥ ነበር።