ይድረስ ለክቡር ስድስት ኢንች

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ እዚህ ታች ያለነው ደህና ነን። አንገታችንን ቀና አድርገን እርስዎን ከማየት በቀር ሌላ ችግር የለብንም።

የምጽፍልዎ እንዲተዉኝ ነው። ፒክአፕ መኪናዬን ትንሽ ከፍ ላድርጋት ባልኩ ቁጥር ከየት እንደሚመጡብኝ አላውቅም። እኔ የምጠይቀው ስለ ሁለት ኢንች፣ የሚመለስልኝ ስለ እርስዎ፣ ስለ ስድስት ኢንች ከፍታ። «ከተነካ አይቀር!» ይላሉ ወዳጆችዎ። ይቺ «ከተነካ አይቀር» ስንቱን ኪስ እንዳራገፈች ቢያውቁ!

መቼም ማማርዎን አልክድም። ቆማ ላያት ሰው መኪናዋ ተራራ ልትወጣ የተነሳች ነው የምትመስለው። ጣጣው ስትንቀሳቀስ ነው። እርስዎ ደግሞ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አስከትሎ እንደሚመጣ እንግዳ ነዎት። ሾክ አብዞርበሩ አጠረ፣ የፍሬን ቱቦው ተወጠረ፣ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ቴስቲኒ ተንጋደደ፣ የጎማዎቹ አቅጣጫ፣ አላይመንቱ፣ ጠፋ፣ የዘንጉ መጋጠሚያ ክሮቸራው መንዘር ጀመረ፤ ለእያንዳንዱ መቀመጫ ይፈለግለታል።

በጣም የሚገርመኝ ግን የፊት እግሯ ላይ የሚሠሩት ነው። ግራና ቀኙ ለየብቻው የሚጫወት ከሆነ፣ ብዙ ከፍ ሲል ኃይልን ለግራና ቀኝ ጎማ ከሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚሄደው አክስል ይጣመማል፤ ሽፋን ላስቲኩ ይቀደድና ግሪሱን ቸርኬው ላይ ይረጨዋል። ይህን ለማዳን እርስዎ ምን ያደርጋሉ? ዲፈረንሻሉን በብረት አንጠልጥለው ከሻንሲው ወደ ታች ያወርዱታል! መኪና ላነሳ ብለው መጥተው ሆዷን ዘርግተው ይሄዳሉ።

የኋላውማ ይባስ። ሁለቱን ጎማ በአንድ ላይ በያዘው ወጥ አክስል ላይ ሞላ ይቀይሩ፣ ባሌስትራ ይጨምሩ፣ ብሎክ ይደርድሩ፣ ወደ ላይ የሚወጣው ሻንሲውና ካቢኑ ነው እንጂ ዲፈረንሻሉ ንቅንቅ አይልም። እሱን ከድንጋይ የሚያርቀው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው፣ ያውም በግማሽ። ከ31 ኢንች ጎማ ወደ 35 ቢሻገሩ ከዲፈረንሻሉ ሥር የሚያተርፉት 2 ኢንች ነው፤ የቀረው 2 ከአክስሉ በላይ ነዋ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረጠው ጎማ ነው። ከዚያ ያ ጎማ ፓራፋንጎ ሳይነካ የሚዞርበት ከፍታ ይፈለጋል። አንዱን እግር ጉብታ ላይ አውጥቶ፣ መሪውን ጥግ ድረስ አዙሮ ማየት ነው፤ የሚፋቅ ከሆነ ውስጠኛው ፕላስቲክ ላይ ጥቁር ጭረት ጥሎ ይነግርዎታል። እርስዎ ግን ጎማው ሳይታሰብ ገብተው ይቀመጣሉ። ቀጥሎ «ጎማው አነሰባት» ይባላል፣ 35 ይገዛል፣ መኪናዋ ዳገት ላይ ታቃስታለች፣ የዲፈረንሻል ጥርስ ይቀየር ይባላል። የፍጥነት መቁጠሪያውም ውሸት ይለምዳል፤ ከ31 ወደ 35 የተሻገረች መኪና ዳሽቦርዷ 100 ሲል በትክክል ወደ 113 ነው የምትሄደው። ቅጣቱ ሲመጣ ታዲያ የሚከፍሉት ክቡርነትዎ አይደሉም። ነዳጁንስ ተዉት።

ኩርባ ላይ ግን አልቀልድም። ክብደቷ ወደ ላይ የወጣ መኪና መገልበጥ ይቀላታል፣ አለቀ።

ደግሞ ፒክአፕ እኮ የዕቃ መኪና ናት፣ ረስተውታል መሰለኝ። ድሮ ወገቤ ድረስ አንስቼ የምጭነውን ጆንያ አሁን ደረቴ ላይ አውጥቼ ልወረውር ነው? በእርስዎ ቤት ይሄም ስፖርት ነው።

ድንጋይ ለድንጋይ ሲንፏቀቅ ለሚውል፣ ለዘመድ አዝማዱም ሁሉ ለሚከፍል ሰው ይሁኑለት፣ ይቅናው። የእኔዋ አብዛኛውን ቀን አስፋልት ላይ ናት፣ አልፎ አልፎ ጭቃ ትገባለች። ብዙ ፒክአፖች ከፋብሪካ ሲወጡ አፍንጫቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ፊቱን በ2 ኢንች ማስተካከል ይበቃኛል። በእርግጥ ከባድ ጭነት ሲኖር ቂጧ ትወርዳለች። ትውረድ፣ እችለዋለሁ።

እርስዎ ግን ወዳጆችዎን አንድ ነገር ያሳስቡልኝ። መኪናው ከፍ ሲል የፊት መብራቱም አብሮ ቀና ይላል። እሱን መልሶ ዝቅ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ካቻቢቴ የሚያልቅ ሥራ ነው። ስድስት ኢንች ለማንሳት ያን ሁሉ ብር ያወጣ ሰው ካቻቢቴ መግዣ አጣ? ማታ ከኋላችን ሲመጡ እኮ መስታወታችን ውስጥ ፀሐይ ነው የሚወጣው!

አክባሪዎ፣
ከሁለት ኢንች ጋር የተስማማሁት