ወገብ ሲይዝ መታሸት ይቅደም?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «ጡንቻና ጅማት ሲያም መጀመሪያ መታሸት ነው።» ደጋፊው ልብስ ሰፊ ናቸው። ተቃዋሚዋ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት።

ልብስ ሰፊው፦ ዕድሜዬን ሲንጀር ላይ አጎንብሼ ነው የኖርኩት። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ካልሲ ላደርግ ጎንበስ ስል ወገቤን ያዘኝ። ቀጥ ማለት አቃተኝ፤ ግድግዳ ይዤ ነው ከቤት የወጣሁት። የሰፈራችን ወጌሻ እጃቸውን ቅቤ ቀብተው ወገቤን በአውራ ጣት ዳበሱት። ከአከርካሪዬ በስተቀኝ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «ይኸውልህ» አሉኝ። ባቄላ የምታህል ቋጠሮ ነበረች። ሲጫኗት ሕመሙ እስከ ዳሌዬ ወረደ፤ ሲለቋት ትንፋሽ አገኘሁ። በሦስተኛው ቀን ሱቄን ከፈትኩ።

ይህ የመንደር ወሬ ብቻ አይደለም። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ጃኔት ትራቬል ለብዙ ዓመታት ያጠኑት እንዲህ ያለውን ቋጠሮ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ለድንገተኛ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሙቀትና መታሸት ይሞከር ብሏል። ጨጓራዬን በክኒን ከምጨርስ እጅ አይሻለኝም?

ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ እንኳን ተሻለዎት። እጅ ሕመም እንደሚያስታግስ አልክድም፤ እኔም እንጀራዬን የማገኘው በእጄ ነው። ጠቤ «መጀመሪያ» ከምትለው ቃል ጋር ነው። ያው መመሪያ እኮ ድንገተኛ የወገብ ሕመም ቢታከምም ባይታከምም አብዛኛውን ጊዜ እየተሻለው ይሄዳል ይላል። ያዳነዎት ጣቱ ይሁን ሦስቱ ቀን፣ በምን እንለየው? 12 ሳምንት ላለፈው ሕመም ደግሞ መመሪያው እንቅስቃሴን ከፊት ያስቀምጣል፤ መታሸት ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

አንድ ነገር ግን ከዓይኔ አይጠፋም። ኳስ ሲጫወት የወደቀ ልጅ ነበር። ወለምታ ነው ተብሎ ታሸ። ስብራት ነበር። ከዚያ በቀርከሃ ጥብቅ አድርገው አሰሩት። እኛ ጋ ሲደርስ የእግሩ ጣቶች ጠቁረዋል፣ ብነካቸው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘዋል። ከ6 ሰዓት በላይ ደም ያጣ ጡንቻ ብዙውን ጊዜ አይመለስም። እግሩ ተቆረጠ።

ልብስ ሰፊው፦ ልጄ፣ አንጀቴን በላሽው። ስብራት ማሸት ስህተት ነው፣ በዚህ አልሟገትሽም። ግን የኔ ወጌሻ የደነዘዘ እግር አይነኩም፤ «ሆስፒታል ሂድ» ነው የሚሉት። ከከተማ ወጣ ስትዪ ደግሞ አንቺን የመሰለ ባለሙያ የት ይገኛል? ገበሬው ወገቡን ሲይዘው ያለው እሳቸው ናቸው። አታባርሯቸው፣ አስተምሯቸው።

ባለሙያዋ፦ በደስታ! የመጀመሪያው ትምህርት ግን መቼ እንደማይታሽ ነው። ሰው ወድቆ መርገጥ ካቃተው፣ አይታሽ። እግሩ ከሰነፈ፣ መቀመጫው ከደነዘዘ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል። አንድ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀም ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ እጅ አይነካውም።

አሁን ልጠይቅዎት። ሱቅ ከከፈቱ በኋላ አቀማመጥዎን ቀየሩት?

ልብስ ሰፊው፦ አልቀየርኩም። በርጩማው ያው ነው። ጥቅምት ላይ እንደገና ይዞኝ ነበር።

ባለሙያዋ፦ አዩ! ቋጠሮዋ ትፈታለች፣ ጎንበስ ማለቱ መልሶ ይቋጥራታል። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሱና ሱቁ ውስጥ ዞር ዞር ይበሉ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ወገብዎን የሚያጠነክር ስፖርት ላሳይዎት።

ልብስ ሰፊው፦ እሺ፣ እነሳለሁ፤ ስፖርቱንም አሳዪኝ። ከዚያ በኋላም ከያዘኝ ግን የምሄደው ወደዚያው እጅ ነው።