«ጨምረህ ቆፍር» ይብቃን

ወገኖቼ፣ ቅር ብትሰኙም ልናገር። ጉድጓድ በደረቀ ቁጥር አፋችን ላይ የምትመጣው አንድ መልስ ናት፦ «ጨምረህ ቆፍር!» ከታች ወንዝ የሚጠብቀን ይመስለናል። ጥልቁ ውሃ ግን አብዛኛው በአለት ስንጥቅና በአሸዋ ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ የተጠራቀመ ነው። ፍጥነቱን ካነሳን ኤሊ ታስከነዳዋለች።

ዕድሜውስ? በውሃው ውስጥ ባለው፣ በጊዜ ብዛት እየቀነሰ በሚሄደው ካርቦን-14 እስከ 40 ሺህ ዓመት ገደማ ይለካል። ከዚያ ላለፈው ክሪፕቶን-81 የሚባል፣ እጅግ ቀስ ብሎ የሚቀንስ ጋዝ አለ። በዚህ ሲለካ፣ ከግብፅ ምዕራባዊ በረሃ ሥር ያለው፣ ኑቢያ የተባለው የከርሰ ምድር ውሃ ክምችት ዕድሜው እስከ 1 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ሆኖ ተገኝቷል። ሰሃራ ዝናብ በነበረው ዘመን የተጠራቀመ ነው፤ የዛሬው ሰማይ አይተካውም። እኛ ግን ፓምፕ ተክለን ሌት ተቀን እንስባለን። እስከወጣ ድረስ ማን ይጠይቃል! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ?

በካሊፎርኒያ ሳን ዋኪን ሸለቆ የተነሳች አንዲት ፎቶ አለች። ጆሴፍ ፖላንድ የተባለው የጂኦሎጂ ባለሙያ ከአንድ የመብራት ምሰሶ አጠገብ ቆሟል። የቆመበት መሬት እ.ኤ.አ. የ1977ቱ ነው። መሬቱ በ1955 የነበረበትን ከፍታ የሚያሳየው ጽሑፍ ከራሱ በላይ ተሰቅሏል፤ 1925 የሚለው ደግሞ ወደ ምሰሶው ጫፍ ተጠግቷል። መሬቱ 9 ሜትር ገደማ ሰምጧል፤ ውሃው ለመስኖ ተስቦ። ውሃው ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል። በመሃል ያለው የሸክላ አፈር የላዩን ክብደት መሸከም ያቅተውና ይጨመቃል። አንዴ ከተጨመቀ ዝናብ ቢዘንብም ወደ ቦታው አይመለስም፤ ውሃ የሚይዝበት ክፍተት ጠፍቷላ።

ደግሞ በጠለቃችሁ ቁጥር የሚጠጣ ውሃ የምታገኙ አይምሰላችሁ። ብዙ ጊዜ ጨውም ፍሎራይድም ይበዛል። በካናዳ ኪድ ክሪክ ማዕድን ማውጫ፣ 2.4 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ የተገኘው ከ1 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ ውሃ ከባሕር የባሰ ጨው ነው።

ስለዚህ ቆፋሪ ከመጥራታችሁ በፊት ባለሙያውን «ውሃ አለ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትሸኙት። «በዓመት ምን ያህል ይተካል?» በሉት። ያላችሁንም ጉድጓድ ለኩ። ፓምፑ ጠፍቶ ውሃው ከተረጋጋ በኋላ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ በየወሩ መዝግቡ። የተተወ ጉድጓድ ደግሞ ክፍቱን አይደር፤ ጎርፍ ቆሻሻውን ይዞ በቀጥታ ይወርድበታል። በባለሙያ፣ በሲሚንቶ ይደፈን። አፉ ላይ ድንጋይ ጣል አድርጎ መሄድ መድፈን አይባልም።