ጃማር ቼዝን መምረጥ ስህተት ነበር ወይ?

በኦሃዮዋ ኮለምበስ በምንተዋወቅ ሰዎች መካከል የአሜሪካ ፉትቦል ክለቡ የሲንሲናቲ ቤንጋልስ ነገር በተነሳ ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት ላይ ነው። ክለቡ አምስተኛውን ተራ ይዞ ነበር። ከፊቱ ከነበሩት ወጣቶች መካከል ሁለቱ በተለይ ያከራክሩ ነበር፤ አንደኛው ኳስ ተቀባዩ ጃማር ቼዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኳስ ወርዋሪውን፣ ማለትም ኳርተርባኩን ከሚጠብቁት አምስት ግዙፎች አንዱ እንዲሆን የታሰበው ፔኔይ ሱዌል ነበር። ኳርተርባኩ ጆ ባሮው ከጥቂት ወራት በፊት ከዋሽንግተን ጋር ሲጫወቱ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ገና በማገገም ላይ ስለነበር፣ ብዙ ሰው ሱዌልን ውሰዱ እያለ ይወተውት ነበር። ክለቡ ግን ቼዝን ወሰደ፤ ሱዌልም በሰባተኛው ተራ ወደ ዲትሮይት ሄደ።

ሰሞኑን ጉዳዩን እንደ አዲስ የቆሰቆሰው ከመካከላችን የጭነት መኪና የሚያሽከረክረውና ጨዋታውን አብዛኛውን ጊዜ በሬዲዮ የሚከታተለው ሰው ነው። በእርሱ አስተያየት ቤንጋልስ ዋንጫውን የጣለው በዚያች የምርጫ ዕለት ነው። «የሚወረውረው ሰው መሬት ላይ ተጋድሞ እያለ ተቀባዩ ምን ሊፈይድለት ነው?» ብሎ ጀመረና፣ ባሮው በ2021 መደበኛ ውድድር 51 ጊዜ፣ በፕሌይኦፍ (በጥሎ ማለፉ) ደግሞ 19 ጊዜ ኳስ እንደያዘ በተጋጣሚ ተጠልፎ መውደቁን ቆጠረልን። ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙ የደረሱበት በአንድ ጨዋታ፣ ከቴነሲ ጋር በነበረው ነው። «እናንተ የቼዝን ያርድ ትቆጥራላችሁ፤ እኔ ልጁ የወደቀበትን እቆጥራለሁ» አለ።

እዚሁ ያደገውና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ኮርነርባክ፣ ማለትም የተጋጣሚን ተቀባዮች የሚጠብቅ ተከላካይ ሆኖ የተጫወተው ወጣት ይህን ሲሰማ አላስችለው አለ። «ወንድሜ፣ ያንን የቴነሲ ጨዋታ እኮ 19 ለ16 ያሸነፍነው እኛ ነን» ሲል መለሰ። ቼዝ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት ቡድኑ አራት ጊዜ ብቻ አሸንፎ አሥራ አንድ ጊዜ መሸነፉን፣ ቼዝ በመጣበት ዓመት ግን ከሊጉ ሁለት ምድቦች የአንዱን የኤኤፍሲን ዋንጫ አንስቶ የሊጉ ፍጻሜ የሆነው ሱፐር ቦውል መድረሱን አስታወሰ። ሹፌሩም ወዲያው፣ በዚያው ዓመት ባሮው ራሱ ከጉዳት ተመልሷልና ለውጡን ሁሉ ለቼዝ መስጠት አይገባም አለ፤ ይህ አባባል እውነት እንዳለበት ወጣቱም አልካደም።

ከዚያ በኋላ ግን ወጣቱ ከቁጥር ወጥቶ፣ እርሱ ራሱ ቆሞበት ስለነበረው ቦታ ተናገረ። በእርሱ ማብራሪያ መሠረት፣ ትልቅ ተቀባይ ቡድኑን የሚጠቅመው ኳስ ሲይዝ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ተጫዋች ከፊቱ የቆመ ኮርነርባክ ተጠግቶ ሊገፋው ቢሞክር በጎኑ ያመልጠዋል፤ ሰባት ስምንት ያርድ ወደ ኋላ ቢሸሽለት ደግሞ አጭሩን ኳስ በነፃ ይሰጠዋል። ስለዚህ የተጋጣሚው አሠልጣኝ ከኋላ ያለውን ተከላካይ፣ ማለትም ሴፍቲውን ወደዚያ ጎን ያስጠጋለታል፤ ያ ሴፍቲ ሲንቀሳቀስ ግን የሜዳው መሐል ይሳሳል፣ ለሁለተኛው ተቀባይ ለቲ ሂጊንስም አንድ ለአንድ የመፋለም ዕድል ይከፈትለታል። ሁለቱም ሴፍቲዎች ወደ ኋላ ርቀው እንዲቆሙ ከተደረገ ደግሞ ከፊት የሚቀረው ሰው ስለሚያንስ ኳስ ይዞ ለሚሮጠው መንገዱ ይቀልለታል። «ቼዝ አንድም ኳስ ሳይነካ ሁለት ሰው ከጨዋታ ያወጣል» ሲል ደመደመና፣ በጃንዋሪ 2022 ከካንሳስ ሲቲ ጋር የተደረገውን ጨዋታ አነሳ። ውጤቱ 31 ለ31 ሆኖ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ቤንጋልስ ከአራቱ ሙከራዎች በሦስተኛው ላይ ኳሱን ይዞ ለመቀጠል 27 ያርድ ይቀረው ነበር። ተጋጣሚው ቼዝን ለአንድ ኮርነርባክ ብቻ ትቶት ተገኘ፤ ባሮው ወረወረለት፣ ቼዝም 30 ያርድ ላይ ያዘው። በዚያን ዕለት በ11 ኳሶች 266 ያርድና ሦስት ተችዳውን (ኳሱን እስከ ሜዳው ጫፍ በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) አስመዝግቧል፤ ቡድኑም 34 ለ31 አሸንፏል።

እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ያዳምጡ የነበሩት፣ ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሥራ ያሳለፉት ትልቅ ሰው ናቸው። እርሳቸው የምርጫው ቀን ብዙም አያሳስባቸውም፤ የሚያሳስባቸው ከዚያ በኋላ የመጣው ክፍያ ነው። ባሮው በ2023 ለአምስት ዓመት 275 ሚሊዮን ዶላር፣ ቼዝ በ2025 ለአራት ዓመት 161 ሚሊዮን፣ ሂጊንስም በዚያው ሰሞን ለአራት ዓመት 115 ሚሊዮን ተፈራርመዋል። ሒሳቡ በየዓመቱ እኩል እንደማይመዘገብ አስጠንቅቀው፣ በአማካይ ሲሰላ ግን ሦስቱ በዓመት ወደ 124 ሚሊዮን እንደሚወስዱና የ2025 የደመወዝ ጣሪያ ለአንድ ክለብ 279.2 ሚሊዮን እንደነበረ አስረዱ። «የቡድኑ ዝርዝር 53 ሰው ነው፤ ሦስቱን አጥግባችሁ ሃምሳውን አስርባችኋል» አሉ። ለማስረጃም ካንሳስ ሲቲን ጠቀሱ። ያ ክለብ በ2022 ተቀባዩን ታይሪክ ሂልን በአምስት የድራፍት ምርጫዎች ለማያሚ ለውጦ፣ ከዚያ በተከታታይ ሁለት ሱፐር ቦውል አሸነፈ፤ ሂል ግን በ2023 በያርድ ከሊጉ አንደኛ ቢሆንም ማያሚ በሁለቱም ዓመታት ከመጀመሪያው የፕሌይኦፍ ጨዋታ አላለፈም።

«ጋሼ፣ እርስዎም እኮ የካንሳስ ሲቲን ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስን ረሱት» አለ ወጣቱ በአክብሮት። ሹፌሩ ደግሞ የዲትሮይቱ ተቀባይ ካልቪን ጆንሰን በ2012 እስካሁን ያልተሰበረውን የ1,964 ያርድ ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ ቡድኑ 4 አሸንፎ 12 መሸነፉን ጣልቃ ገብቶ ጠቀሰ፤ ወጣቱም በ2021 ሊጉን በኳስ ብዛት፣ በያርድና በተችዳውን የመራው ተቀባይ ኩፐር ከፕ በዚያው ዓመት ከራምስ ጋር ዋንጫውን ማንሳቱን መልሶ ነገረው። እንዲህ ያለ ምሳሌ መለዋወጥ ማለቂያ የለውም፤ ለዚህም ለዚያም ወገን የሚሆን ኮከብ አይጠፋም።

የሚገርመው ሁለቱ ተከራካሪዎች አንዷኑ ቅጽበት ለየራሳቸው ምስክር ማድረጋቸው ነው። በፌብሩዋሪ 2022ቱ ሱፐር ቦውል ቤንጋልስ በራምስ 23 ለ20 እየተመራ፣ አንድ ደቂቃ ያልሞላ ጊዜ ሲቀር፣ አራተኛውና የመጨረሻው ሙከራ ላይ አንድ ያርድ ያስፈልገው ነበር። በሜዳው ጎን ቼዝ የራምስን ኮርነርባክ ጄለን ራምዚን አልፎ ብቻውን እየሮጠ ነው፤ ባሮው ግን ክንዱን ሳይዘረጋ የራምሱ አሮን ዶናልድ ደርሶ አሽከረከረው፣ ኳሱም መሬት ወደቀ። ወጣቱ «ተቀባዩ ሥራውን ጨርሶ ነበር» ይላል፤ ሹፌሩ «ባሮውን የሚከላከልለት ሰው ስላልነበረ ሥራው ከንቱ ሆነ» ይላል።

የእኔን ፍርድ ልናገር። ቼዝን መምረጡ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴም እርሱን የመሰለ ተቀባይ ቡድኑ በአንድ ጨዋታ ሊያገባ የሚችለውን የነጥብ ጣሪያ ከፍ ማድረጉና ከማንኛውም ወርዋሪ ጋር ቶሎ መግባባት መቻሉ ነው። በኦክቶበር 2025 ባሮው ተጎድቶ ሳለ፣ ከመጣ አሥር ቀን ያልሞላው የ40 ዓመቱ ኳርተርባክ ጆ ፍላኮ ከፒትስበርግ ጋር በተደረገው ጨዋታ ለቼዝ ብቻ 16 ኳስ አቀብሎት ቡድኑ 33 ለ31 አሸንፏል። አንድ ሱዌል ቢኖር ባሮው የሚወድቅበት ጊዜ መቀነሱ አይቀርም፤ ነገር ግን አምስት ሰው የሚሸፍነውን መስመር አንድ ሰው ብቻውን አይጠግነውም፤ የተቀሩት አራት ቦታዎች ደግሞ በሌላ ምርጫና በሌላ ገንዘብ ሊሞሉ ይችሉ ነበር።

በገንዘቡ ጉዳይ ግን ሚዛኔ ወደ ሒሳብ ባለሙያው ያዘነብላል፤ ሆኖም ስህተቱን የማየው ሦስቱን በመክፈል ላይ ሳይሆን፣ ተጋጣሚ ነጥብ እንዳያገባ ለሚያግደው ለተከላካዩ ወገን ርካሽና ጎበዝ ወጣቶችን በድራፍት ባለማግኘት ላይ ነው። ካንሳስ ሲቲ ከሂል ሽያጭ ባገኘው ምርጫ ታግዞ ኮርነርባኩን ትሬንት መክደፊን መውሰዱን ልብ ይሏል። ቼዝ በ2024 እንደ ከፕ በሦስቱም መለኪያዎች ሊጉን መርቶ፣ ቡድኑ 9 አሸንፎ 8 ተሸንፎ ከፕሌይኦፍ ውጭ ቀረ፤ በኖቬምበር ባልቲሞር ላይ 264 ያርድና ሦስት ተችዳውን ባስመዘገበበት ማታ እንኳ 35 ለ34 ተሸንፈዋል። በ2025 ደግሞ በጄትስ 39 ለ38፣ በቺካጎ 47 ለ42 ተረቱ። በቺካጎው ጨዋታ ቤንጋልስ 54 ሰከንድ ሲቀር መሪነቱን ይዞ፣ 17 ሰከንድ ሲቀር ደግሞ የ58 ያርድ ተችዳውን ተቆጠረበት። ያ ነጥብ ሲገባ ቼዝ ከሜዳ ውጭ ቆሞ ይመለከት ነበር፤ ሁለቱም የሚሰለፉት በአጥቂው ወገን ነውና፣ ሱዌልም በቤንጋልስ ማሊያ ቢሆን ኖሮ አጠገቡ ቆሞ ይመለከት ነበር።