ለልጁ ስልክ ከመግዛታችን በፊት

ጎንደር ውስጥ ወላጅ ከወላጅ ሲገናኝ የማትቀር ጥያቄ አለች። «ለልጅህ ስልክ ገዛህለት?» የቅንጦት ጥያቄ አይደለችም። እገታ የብዙ ቤት ጭንቀት ሆኗል። ልጅ ጠዋት ወጥቶ እስኪመለስ የእናት ልብ አያርፍም። እኔም አባት ነኝና ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ስልኩ የእኛን ጭንቀት ያስታግስ ይሆናል እንጂ ልጁን አይጠብቀውም ባይ ነኝ።

ለልጅ የሚያሰጋው ብዙውን ጊዜ መንገዱ ነው። የጠዋቱ ፈረቃ ሲለቀቅ ማራኪም ሆነ አዘዞ መንገድ ዳር ቆማችሁ ተመልከቱ። የሚወጣውና የሚገባው ተማሪ ይተላለፋል። ባጃጁ ክላክሱን ያንባርቃል። ስልክ የያዘው ልጅ አንገቱን ደፍቶ አስፋልት ያቋርጣል። ቀማኛ ዓይኑን የሚጥለው እሱ ላይ ነው። ለአጋችም ቢሆን ውድ ስልክ የያዘ ልጅ «ቤተሰቡ ገንዘብ አለው» ብሎ የሚናገር ምልክት ነው። ክፉ ነገር ከደረሰ ደግሞ ስልኩ ወዲያው ከእጁ ይነጠቃል።

ተኩስ ሲሰማስ? እዚህ ከተማ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ወላጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደውላል፣ ኔትወርኩ ይጨናነቃል። መምህሩ ልጆቹን ከመስኮት አርቆ ዝም ለማሰኘት ሲታገል በየቦርሳው ስልክ ይጮኻል። አንዱ ልጅ እያለቀሰ «አባዬ ና!» ይላል። አባትየው ምን ያድርግ? ተኩስ ወዳለበት ይሮጣል። ኔትወርኩም ቢሆን ሁሌ የሚታመን አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡን ማን ይረሳል? ያኔ በቴሌግራም ሎኬሽን መላክ የሚባል ነገር አልነበረም።

ይህ ክርክር አሜሪካም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 በቴክሳስ ዩቫልዲ ከተማ አንድ ታጣቂ ትምህርት ቤት ገብቶ 19 ተማሪዎችንና 2 መምህራንን ገደለ። ክፍል ውስጥ የነበሩ ልጆች ለፖሊስ ደውለው ነበር። ፖሊሶቹ ግን ሕንፃው ውስጥ ከገቡ በኋላ ታጣቂውን ገብተው እስኪጋፈጡት ድረስ 77 ደቂቃ አለፈ። ስልኩ ሠርቷል። ያልሠሩት ትልልቆቹ ናቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ከገጠር መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ እየተላከላቸው የሚማሩ ልጆች አሉ። እናታቸው ያለችው የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ነው። ለእነሱ ስልክ ከቤተሰብ ጋር የሚያገናኛቸው አንድ ገመድ ነውና አትያዙ ማለት ግፍ ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ ይያዙ። በር ላይ ለጥበቃው አስረክበው ይግቡ፣ ሲወጡ ይውሰዱ። ከከተማ ልጅ ጋር በአንድ መመሪያ መዳኘት የለባቸውም።

ለሌሎቹ የምለው ሌላ ነው። ልጁ የእናቱንና የአባቱን ቁጥር በቃሉ ይያዝ። ስልክ ይሰረቃል፣ ባትሪ ያልቃል፤ በቃል የተያዘ ቁጥር ግን ከማንም ሱቅ ያስደውላል። የአንድ ሰፈር ልጆች አብረው ይሂዱ፣ አብረው ይመለሱ። በባጃጅ የሚሄድ ከሆነ ሾፌሩ የሚታወቅ ይሁን፣ ታርጋውም ቤት ይጻፍ።

ከሁሉም በላይ የምቆረቆርለት የስም ጥሪው ነው። መምህሩ ጠዋት ስም ይጠራል፣ የቀረውን ልጅ መዝገብ ላይ ምልክት ያደርግበታል፤ በብዙ ቦታ ነገሩ እዚያው ያበቃል። እናት ልጇ ክፍል ያለ መስሏት ሥራዋ ላይ ናት፣ መምህሩ ደግሞ ልጁ የታመመ ይመስለዋል። ክፉ ነገር ደርሶ ከሆነ እነዚያ ሰዓታት ከወርቅ ይበልጣሉ። ለአንድ ልጅ ስልክ የምናወጣው ገንዘብ ለትምህርት ቤቱ ቢሮ አንድ ስልክ ገዝቶ ካርድ ይተርፈዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው የወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ የምጠይቀው ይህንን ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ፣ የቀረው ልጅ ቤት የሚደውለው ማን ነው? በየትኛው ስልክ? ካርዱንስ ማን ይሞላል?